ከአፍ ይልቅ እግርን ማመን፦ ዲጄ ታዳሚውን እንዴት ያነባል?

በጥር ወር በአዲስ አበባ የሠርግ አዳራሾች ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። እንግዳው ገና ከብፌው ሳይመለስ ዲጄው ሁሉም የሚወደውን ዘፈን ይለቃል። ወጣቶቹ ሳህናቸውን ትተው ይነሣሉ፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ቪዲዮ ቀራጩም ካሜራውን ተሸክሞ ይሯሯጣል። በዚህ የተበረታታው ዲጄ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ተወዳጅ ዘፈን ያከታትላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጨፈሪያው ላይ የሚቀሩት ሚዜዎቹና ጥቂት ሕፃናት ብቻ ይሆናሉ። ዲጄው ማይኩን አንሥቶ «እስቲ እንነሣ!» እያለ መለመን ይጀምራል፤ እንግዳው ግን በላብ ተጠምቆ፣ እግሩን ጫማ በልቶት፣ ለስላሳውን ይዞ ተቀምጧል። ዘፈኖቹ መጥፎ አልነበሩም፤ ሞንታርቦውም ጥሩ ይጮኻል። የጠፋው ነገር የሰውን ጉልበት እንደሚያልቅ ስንቅ ቆጥሮ መመደብ ነው።

ስለ ዲጄዎች ችሎታ በምንነጋገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ሁለት ነገር ነው፤ ዲጄው ምን ያህል ዘፈን እንዳለውና አንዱን ከሌላው ጋር ምን ያህል ሳይሰማ እንደሚያያይዝ። ሁለቱም ዛሬ ርካሽ ሆነዋል። ዘፈኑ በአንዲት ፍላሽ ውስጥ በሺዎች ይያዛል፤ ማያያዙን ደግሞ ሶፍትዌር በአንድ ቁልፍ ይሠራዋል። ለሰው የቀረው ሥራ፣ ምናልባትም ከመጀመሪያውም ዋናው የነበረው ሥራ፣ መቼ ሰውን ማስነሣት እንደሚገባና ከዚያም በላይ መቼ ሳያስከፉ ማስቀመጥ እንደሚቻል ማወቅ ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ማለትም ዕረፍትን ማስተዳደር፣ ከዲጄ ሥራ ሁሉ ትንሹ የሚነገርለትና ትልቁ ይመስለኛል።

ሙያው ዛሬ የምናውቀውን መልክ ከያዘባቸው ቦታዎች አንዷ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የነበረችው ኒውዮርክ ናት። ፍራንሲስ ግራሶ የተባለው ዲጄ ቀድሞ የጀርመን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ውስጥ በተከፈተው ሳንክቹዋሪ በተባለ ጭፈራ ቤት የሁለት ሸክላዎችን ምት በጆሮው እያስተካከለ አንዱን በሌላው ላይ ማስኬድ ጀመረ። ከዚያ በፊት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዘፈንና በሚቀጥለው መካከል ክፍተት ነበር፤ ክፍተቱም ጨፋሪው ልቀጥል ወይስ ልቀመጥ ብሎ የሚወስንባት ጊዜ ነበረች። ግራሶ ያቺን ጊዜ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ጨፋሪው መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነው በከፊል ዲጄው ሆነ፤ ኃላፊነቱም አብሮ መጣ።

በዚያው ከተማ በብሮንክስ፣ በነሐሴ ወር 1973 እ.ኤ.አ.፣ ከጃማይካ የመጣው ወጣት ክላይቭ ካምፕቤል፣ በቅጽል ስሙ ኩል ሄርክ፣ በሴጅዊክ ጎዳና 1520 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ እህቱ ላዘጋጀችው ድግስ ሙዚቃ ያጫውት ነበር። ሄርክ በነዚያ ዓመታት ጨፋሪዎችን ሲታዘብ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ብዙዎቹ ዘፈኑ ሲጀመር ሳይሆን ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ክፍል ጠብቀው ነበር የሚገቡት። ስለዚህ አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ ይዞ ያቺን ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው እየመለሰ አስረዘማት። ሂፕ ሆፕ የሚባለው የሙዚቃ ዓለም የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን የግኝቱ መንገድ ነው። ማንም ወደ ሄርክ ቀርቦ «ከበሮውን አስረዝምልን» አላለውም። እሱ ያየው እግራቸው የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ዓይን አዲስ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ተቀማጩን መቃኘት ነው፤ ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን የአገሩ ስም ቢነሣ ይነሣሣል፣ ማን አኩርፎ ተቀምጧል፣ ማን ኪሱን ለመዳሰስ አንድ ስንኝ ቀርቶታል። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ይቀበላል፤ ግን የቤቱን ስሜት የያዘው እሱ ነው። ግጥሙን ወዲያው እየፈጠረ ስለሚዘፍን ካየው ነገር ጋር ማስማማት ይችላል። ዲጄ ይህ ዕድል የለውም፤ በእጁ ያለው ተቀርጾ ያለቀ ዘፈን ነው። ሊለውጥ የሚችለው ተራውን፣ ርዝመቱን፣ ፍጥነቱን በጥቂቱ፣ ድምፁን ደግሞ በመጠኑ ነው። በነዚህ አራት ነገሮች ብቻ አዝማሪው በቃልና በዓይን የሚሠራውን መሥራት አለበት።

ሌላም የራሳችን ምሳሌ አለ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በነበረበት ወቅት በአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶች፣ በሒልተን የነበረውን ዋልያስ ባንድን ጨምሮ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር፤ ምክንያቱም እላፊው ከገባ በኋላ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ይህን ከሙያው አንጻር ማሰብ ተገቢ ነው። በሌላ ቦታ ታዳሚው ሲሰለቸው ይሄዳል፤ መሄዱም ለሙዚቀኛው መልእክት ነው። እዚህ ግን የትም የማይሄድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አለ፤ መብላት፣ ማውራት፣ መጨፈር፣ ማንቀላፋት፣ እንደገና መንቃት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ሌሊት በአንድ ፍጥነት አይነጋም። የዚያን ዘመን የመሣሪያ ቅንብሮች ዛሬ ስንሰማቸው የሚገርመን ያ ያልተቻኮለ አካሄዳቸው፣ ለመጨፈርም ለመቀመጥም የሚሆን መሆናቸው፣ ከዚህ ሌሊት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ዲጄ የሚያነበው በትክክል ምኑን ነው? ልምድ የሌለው ሰው የሚያየው መሃሉን ነው፤ እዚያ ያሉት ግን የሙሽሮቹ ጓደኞች ናቸውና ጄነሬተር ቢነሣ እንኳ በድምፁ ይጨፍራሉ። መረጃ ያለው ዳር ላይ ነው። ብርጭቆ ይዞ በመጨፈሪያው ጠርዝ የቆመ ሰው ጉልበቱን ማርገብገብ ከጀመረ ለመግባት አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። ጠረጴዛ ሥር ያለ ተረከዝ መሬቱን መምታት ከጀመረ ሁለት ዘፈን። ኮቱን ወንበር ላይ የሰቀለ ወንድ ለመቆየት ወስኗል። አክስቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሲያስሩ ግን ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ምልክት ነው፤ እነሱ ከተነሡ እናቶች ይነሣሉ፣ እናቶች ከተነሡ ልጆቻቸው ተቀምጠው አይቀሩም። ረጅም ተረከዝ ያለውን ጫማ በነጠላ ጫማ የምትቀይር ወጣት ሁለት ነገር እየነገረችን ነው፤ ለመቆየት ተዘጋጅታለች፣ ነገር ግን እግሯ ማማረር ጀምሯል።

አወጣጥም ይነበባል። አንድ አንድ እያለ የሚወጣ ሰው ውኃ ሊጠጣ ወይም ስልክ ሊያነሣ ነው። አራት አምስት ሆነው በአንድ ጊዜ ከወጡ ዘፈኑ አልጣማቸውም። አቋምም እንዲሁ፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሲጨፍሩ መጨፈሪያው በራሱ ይሠራል፤ ፊታቸውን ወደ ዲጄው ሲመልሱ አንድ ነገር እየጠበቁ ነው። ስልክ ከፍ ብሎ ሲበዛ ደግሞ መጨፈሩ ቀርቶ መቅረጹ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ የሚታየው አዲሱ ዘፈን ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሃያና ሠላሳ ሰከንዶች ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ይለምደዋል፤ ወይም ይሉኝታ ይዞት ይቆያል፤ በይሉኝታ የሚጨፍር ሰው ደግሞ አሳሳች መረጃ ነው። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ያለው ጨፋሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

«ይህን ዘፈን ልቀቅልን» ብሎ የሚመጣ እንግዳ የሚናገረው ስለ ራሱና ስለ ጠረጴዛው ነው። ጎበዝ ዲጄ «እሺ» ይልና አይኑን ወደዚያ ጠረጴዛ ይወረውራል፤ ጠረጴዛው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥያቄው ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ካልሆነ ግን ጠያቂው ዘፈኑን ሊሰማ እንጂ ሊጨፍርበት አይደለም የመጣው። ሰው የሚወደው ዘፈንና ሰውነቱን የሚያንቀሳቅሰው ዘፈን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ለዚህ ከሳይንስም ድጋፍ አለ። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኦርፊክስ የተባሉት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተጫዋቾች ባቀረቡት ዝግጅት ላይ በጣም ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጡ ስፒከሮችን በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ ያበሩና ያጠፉ ነበር። ድምፁ ጆሮ ለይቶ የማይሰማው ነው። ታዳሚው የስፒከሮቹን መከፈትም መዘጋትም አላወቀም፤ ነገር ግን ስፒከሮቹ በሚበሩበት ጊዜ የታዳሚው እንቅስቃሴ በ11.8 በመቶ ጨመረ። እነዚያን ሰዎች «ምን አስጨፈራችሁ?» ብለን ብንጠይቅ እውነተኛውን መልስ አያውቁትም። እግራቸው ግን ያውቀዋል።

ስለ ምቱ አቀማመጥም የሚጠቀስ ሥራ አለ። ማሪያ ዊቴክና ባልደረቦቿ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰውን እንዲንቀሳቀስ አብዝቶ የሚጋብዘው ከበሮ እጅግ ቀላልም እጅግ ውስብስብም ያልሆነው፣ ከሚጠበቀው ቦታ በመጠኑ የሚያፈነግጠው ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም ምት በሚጠበቅበት ቦታ ሲወድቅ ሰውነት ይሰለቻል፤ ሁሉም ሲያፈነግጥ ደግሞ የሚይዘው ያጣል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ያደረጉ ሰዎች ሕመም የመቋቋም አቅማቸው ተለያይተው ከተንቀሳቀሱት ይልቅ ከፍ እንዳለና እርስ በርስም እንደተቀራረቡ አሳይቷል። ጫማ እግሩን የበላው እንግዳ ክብ ውስጥ ከገባ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት ለምን እንደሚቆይ በከፊል ከዚህ እንረዳለን።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የተባለው ሸክላ ማጫወቻ በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1979 የወጣው ሁለተኛው ዓይነቱ ደግሞ ፍጥነቱን በተንሸራታች እጀታ 8 በመቶ ለመጨመርም ለመቀነስም አስቻለ። ይህች 8 በመቶ የዲጄውን ካርታ ትሠራለች። በደቂቃ 112 ምት ያለው የአማፒያኖ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካው የጭፈራ ሙዚቃ፣ ዘፈን እስከ ጫፉ ቢገፋ ወደ 121 ይጠጋል፤ ስለዚህ ሀውስ ከሚባለው የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የምዕራብ አፍሪካው አፍሮቢትስ፣ አማፒያኖና ሀውስ እየተቀባበሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀስ በቀስ እያፈጠኑ መሄድ ይቻላል፤ ጨፋሪውም ፍጥነት መጨመሩን ሳያውቅ ልቡ ብቻ በፍጥነት ሲመታ ያገኘዋል። የቦሌ ጭፈራ ቤቶች ሌሊት አንዱ ክፍል የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ነው። የሁለት ዘፈን ቤዝ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ድምፁ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ የአንዱ ሲገባ የሌላው ይወጣል። ቤዝን ለስምንት ወይም ለአሥራ ስድስት ባለ አራት ምት መስፈሪያ ያህል አውጥቶ መልሶ ማስገባት ራሱ ደግሞ ትንሽ ዕረፍት ሰጥቶ የማነሣሣት ዘዴ ነው። ሰው እጁን ያነሣል፣ ይጠብቃል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ይወርዳል።

የአገር ቤት ዘፈን ግን ይህን ካርታ ያፈርሰዋል። እስክስታ የሚመታበት ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ በሁለት ሌላው በሦስት ሊያጨበጭብበት ይችላል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዲጄ ሶፍትዌሮች በብዛት የተሠሩት በአራት ለሚቆጠር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ ለማይዛነፍ ሙዚቃ ነው። የድሮ ካሴቶቻችንን የተጫወቱት ሰዎች ደግሞ ሰዎች ናቸውና በስሜት ጊዜ ይፈጥናሉ። ምትን በራሱ የሚያገናኘው ቁልፍ እዚህ ሲነካ የሚወጣው ድምፅ መጋጨት ነው። ስለዚህ የሠርግ ዲጄዎቻችን አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ ከማቅለጥ ይልቅ ቆርጠው ይገባሉ፤ በከበሮ መግቢያ፣ በጭብጨባ፣ በእልልታ፣ ወይም በማይክ በሚነገር አንድ ቃል ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ይህን አላዋቂነት አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሙዚቃው የሚጠይቀው እሱን ነው፤ እልልታም ማንም ሶፍትዌር ሊሠራው ከሚችለው የተሻለ ድልድይ ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከታዳሚው ነው።

የሠርግ መጨፈሪያ ትልቁ ምስጢር ግን ከምት መገናኘት የበለጠ ነገር ነው። በአንድ ሠርግ ላይ የአማርኛ፣ የጉራግኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የወላይትኛ ዘፈን በየተራ መግባቱን አብዛኞቻችን የምናየው እንደ መከባበር ወይም ሁሉንም እንደ ማስደሰት ነው። ነውም። ነገር ግን ከጉልበት አንጻር ሲታይ ይህ ተራ ብልህ የሆነ የዕረፍት አከፋፈል ነው። እስክስታ ትከሻንና ትንፋሽን ይፈጃል። ጉራግኛ እግርን ይፈጃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ በሙሉ ኃይሉ የሚጨፍረው ጥቂት ሰው ነው። የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ ዝላይ አለው። ወላይትኛ ወገብን ይዞ ይሄዳል። በትግርኛው ደግሞ ሰው ክብ ሠርቶ በዝግታ ይዞራል፤ ከበሮው ሲፈጥን ባለበት ቆሞ ፊት ለፊት እየተያየ ትከሻውን ይነቀንቃል። ያ ዝግተኛ ዙር ለአያቶች ቦታ ይሰጣል፤ ለደከመው ወጣትም ሳይወጣ የሚያርፍበት ነው። ተራውን የሚያውቅ ዲጄ ከጉራግኛ ቀጥሎ ሌላ እግር የሚፈጅ ዘፈን አያስገባም፤ ትከሻውን ወይም ዙሩን ያመጣል። የአንዱ ቤተ ዘመድ ሲቀመጥ የሌላው ይነሣል፣ መጨፈሪያውም ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ማንም ግን አራት ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ አልቆመም።

ይህ ተራ ሲዛባ የሚመጣው ቅሬታ ከድካም በላይ ይሄዳል። የሙሽራው ወገን አምስት ዘፈን ሲለቀቅለት የሙሽሪት ወገን አንድ ብቻ ካገኘ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞር ስሌት ይጀመራል። ባለፉት ዓመታት አገራችን ካለፈችበት ነገር በኋላ ይህ ስሌት ስሜት ያለበት ሆኗል፤ ዲጄው ፍላሹ ውስጥ ዘፈኑ ስላልነበረው ያለፈው ነገር እንደ ንቀት ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ዲጄ ከሠርጉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ «ምን ዘፈን ትወዳላችሁ?» ሳይሆን «ከየት ከየት ነው ሰው የሚመጣው? ስንት ሽማግሌ አለ?» የሚል ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ በሚደረጉ የሐበሻ ሠርጎች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወሰን አለ፤ እሱም ትውልድ ነው። ወላጆች የካሴት ዘመን ዘፈን ይፈልጋሉ፤ እዚያ ያደጉት ልጆቻቸው ሂፕ ሆፕና አፍሮቢትስ ይዘው መጥተዋል፤ ከአገር ቤት በቅርብ የመጡት ደግሞ የሁለቱም ያልሆነ አዲስ ዘፈን ያውቃሉ። አዳራሹም በሰዓት የተከራየ ነው። እዚያ የሚሠራ ዲጄ ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር ልጆቹን ለሌሊቱ መጨረሻ ማቆየት ነው፤ ወላጆቹ ቀድመው ስለሚሄዱ ትክክል ይመስላል። ግን ልጆቹ ተራቸው እስኪደርስ ስልካቸው ውስጥ ገብተው ከቆዩ በኋላ ማስነሣት ከባድ ነው። ቀደም ብሎ አንድ ሁለት ዘፈን ቢሰጣቸው እስክስታው ውስጥም አብረው ይገባሉ።

አንድ የአገር ቤት ዘፈን በአማካይ አምስት ደቂቃ ይሄዳል ብንል፣ በአራት ሰዓት ጭፈራ ሙሉ በሙሉ የሚጫወቱት ዘፈኖች ከ48 አይበልጡም። ከነዚህ ውስጥ አዳራሹን በአንድ ጊዜ የሚያስነሡት ስድስት ወይም ሰባት ቢሆኑ ነው። መግቢያው ላይ የጠቀስነው ዲጄ አራቱን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አወጣቸው። ከዚያ በኋላ በእጁ የቀረው ለሦስት ሰዓት ተኩል ሁለት ወይም ሦስት ነው። በክለብ ዓለም ምሽቱን የሚከፍተው ዲጄ ለዋናው ዲጄ የሚሆነውን ዘፈን እንዳይነካ የሚጠበቅበት ለዚህ ነው። የሠርግ ዲጄ ግን ከፋቹም ዋናውም ዘጊውም እሱ ራሱ በመሆኑ ራሱን የሚከለክል ሌላ ሰው የለውም። ባለ መጠጥ ቤቱም ቢሆን በልቡ የሚፈልገው ያለማቋረጥ የሞላ መጨፈሪያን አይደለም፤ የሚጨፍር ሰው አያዝዝም።

ዛሬ ይህን ሚዛን የሚያዛቡ ሁለት ነገሮች መጥተዋል። አንደኛው አጭር ቪዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን የተጀመረው ቦይለር ሩም የተባለው የኢንተርኔት የሙዚቃ ሥርጭት ዲጄውን በካሜራ ፊት አቁሞ ለዓለም ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይም ቲክቶክ ከመጣ በኋላ፣ ዲጄ የሚታወቀው ሁሉም ሰው እጁን ባነሣባቸው ሠላሳ ሰከንዶች ሆኗል። ያቺ ቅንጥብ የተሠራችው ከእሷ በፊት በነበሩት አርባ ደቂቃዎች ነው፤ አርባዎቹን ግን ማንም አያጋራቸውም። ሙሽሮችም ዲጄ ሲቀጥሩ ያንን ቪዲዮ እያሳዩ «እንዲህ ይሁንልን» ይላሉ፤ ዲጄውም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያንን ለማምጣት ይሞክራል። በበርሊን በ2004 የተከፈተው በርግሃይን የተባለ ጭፈራ ቤት በመግቢያው ላይ የእንግዳውን ስልክ ካሜራ በተለጣፊ ይሸፍናል። በእኛ ሠርግ ይህን ማሰብ አይቻልም፤ የአክስት ስልክ ላይ ማን ተለጣፊ ይለጥፋል? ግን ካሜራው ዘፈኑን እየመረጠ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ራሱ የሚመርጠው ማሽን ነው። የሙዚቃ ማሰሚያ መተግበሪያው ስፖቲፋይ በፌብሩዋሪ 2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ «ዲጄ» አወጣ፤ የድብልቅ ሶፍትዌሮችም ቀጣዩን ዘፈን ይጠቁማሉ፣ ያገናኛሉ፣ የዘፋኙን ድምፅ ከመሣሪያው ለይተው ያወጣሉ። እነዚህ ነገሮች ጠቃሚ ናቸው፤ ድምፅን ከመሣሪያ መለየት ለምሳሌ በስድስትና በአራት በሚቆጠሩ ዘፈኖች መካከል ለሚቆም ዲጄ ያልነበረ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ምክር የተማረው አንድ ሰው ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ምን እንደዘለለና ምን እንደደገመ በማየት ነው። የሦስት መቶ ሰው መጨፈሪያ ግን የሦስት መቶ ሰው ምርጫ አማካይ አይደለም። አንዲት አክስት ብትነሣ አሥር ሰው የሚነሣበት፣ አንድ ሚዜ ቢቀመጥ ጠረጴዛው ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ካሜራና ስሌት ይህን አንድ ቀን ይማሩት ይሆናል። እስከዚያው ግን ማሽኑ ምቱን በማገናኘቱ የተረፈውን ጊዜ ብዙ ዲጄዎች የሚያውሉት ቀና ብሎ ለማየት ሳይሆን ስክሪኑን ለማየት መሆኑ ያሳዝናል። ሸክላ የሚያጫውተው ትውልድ ከእጁ ሥራ የተነሣ ጎንበስ ይል ነበር፤ ያሁኑ ጎንበስ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የሚረሳው መዝጊያው ነው። በኒውዮርክ ከ1970 ጀምሮ በመኖሪያ ሰገነቱ «ሎፍት» የተባሉትን ድግሶች ያዘጋጅ የነበረው ዴቪድ ማንኩሶ ሌሊቱን በሦስት ክፍል ያስብ ነበር፤ እርጋታ፣ ፍንጠዛ፣ ከዚያም ወደ ራስ መመለስ። ማንኩሶ ኋላ ላይ ዘፈኖችን ማደባለቁን ትቶ እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማጫወት መርጧል፤ በመካከል ያለችውን ያቺን ክፍተት ለጨፋሪው መልሶ ሰጠ ማለት ነው። ሦስተኛው ክፍል በእኛ ሠርጎች ላይ የለም ማለት ይቻላል። የአዳራሹ ኃላፊ መብራቱን ቦግ ያደርጋል፣ ዲጄው በፈጣኑ ዘፈን መካከል ይቆርጣል፣ ሰው ላቡ ሳይደርቅ ኮቱን ይፈልጋል። ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ድምፁን ሳይሆን ቤዙን ዝቅ ማድረግ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን፣ ከዚያም ከሚጨፈርበት ይልቅ አብሮ የሚዜምበትን፣ ትዝታ ያለበትን ዘፈን ማምጣት ይቻላል። ሰዓቱን ለማወቅ የአዳራሹን ኃላፊ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አክስቶቹ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ መመለስ ጀምረዋል።